ቢጫዋ ሽቦ

ከዘንባባው ጥላ፣ ከዚች ዝገት ሣጥን፣
ጎማ ስለጥፍ ነው ያሳለፍሁት ዘመን።
የማውቀው ብስክሌት ልኩን የሚያውቅ ነው፣
ከነጂው ባት በቀር ሌላ ጌታ የሌለው፤
ዳገት ላይ የሚያቃስት፣ ሜዳ ላይ የሚፎክር፣
ካቴናው ከሩቁ «መጣሁ!» ብሎ የሚናገር።

ኋላ አዲሱ መጣ፤
ባትሪ ያነገተ፣ ላብ የማያወጣ።
ፔዳሉ ለወግ ነው፣ የእግር ማሳረፊያ፤
ጣት ብቻ ይበቃል፣ ለትንሿ ማዞሪያ።
ድምፁ? ድምፅ የለውም።
ድመት በምንጣፍ ላይ እንደዚያ አትሄድም።

አበጀ ነው ያመጣው፣ ምግብ አድራሹ ልጅ፤
ጢሙ ገና ያልበቀለ፣ የማይቀመጥ ከደጅ።
«ጋሼ ስማቸው፣ ይቺን ገደብ ፍታልኝ፤
ከሃያ አምስት በላይ አልሄድ አለችኝ፤
ምግቡ ይበርዳል፣ ሰው ይሰድበኛል» አለኝ።
ሆዱን ከፍቼ አየሁ፤ አንዲት ቢጫ ሽቦ፣
ሠሪው ያኖራት አንድ ቀን አስቦ።
«ይፈቀዳል?» አልሁት። «ማን ከለከለ?» አለኝ።
እውነቱን ነው ልጁ፤ የምለው ጠፋኝ።
ፒንሳዬን አነሣሁ።
ቀጭ።
ሦስት መቶ ብሬን ቆጥሬ ኪሴ ከተትሁ።

መምህር አንሙትን ሰፈሩ ያውቀዋል፤
ዓይኑን ካጣ ወዲህ በጆሮው ይሄዳል።
አይሱዙ ሲያጓራ፣ ባጃጅ ሲንጣጣ፣
ቆሞ ይለያል፣ የቱ እንደሄደ፣ የቱ እንደመጣ።
የኔን ጥገና እንኳ በካቴናው ለይቶ፣
«ዘይት አነሰው» ይለኝ ነበር፣ በሬን በዱላ መትቶ።

የዚያን ማታ መንገዱ ዝም አለ።
ዝም ሲልለት ተሻገረ።
ዝም ያለው መንገድ ግን ባዶ አልነበረ።

ዱላው ሁለት ሆነ፤ ዳሌውም እንደ ዱላው።
አበጀ አስፋልት ላይ ያለቅሳል፣ «አላየኝም!» እያለ፣ ለማያየው ሰው።
የዓሣ ጉላሹ ገና አልበረደም ነበር፤
እንፋሎት ያወጣል፣ ፈሶ ከጠጠር።

ሳጅን የኔዓለም ደረሰች፣ ቅጿን ይዛ በእጇ።
ሁለት ሣጥን አለው ቅጹ፦ «ብስክሌት»፣ «ሞተር»፤
እስክሪብቶዋ ቀረ፣ በሁለቱ መሃል፣ አየር ላይ እንደ ክር።
ብስክሌት እንዳትለው፣ ይወነጨፋል እንደ ጥይት፤
ሞተር እንዳትለው፣ ታርጋ የለው፣ መንጃ ፈቃድ የለው፣ ወይ መድን የሚጠየቅበት።
ሁለቱንም ተወችው። ባዶው ሥር ፈረመች።
እኔም ለምስክር ፈረምሁ፤ እጄ ተንቀጠቀጠች።
ስለ ቢጫዋ ሽቦ የጠየቀኝ የለም፤
ሽቦ የሚጠይቅ መስመር ቅጹ ላይ አልነበረም።

አባቴ እንጅባራ ልጓም ሠሪ ነበር።
«ፈረስህን ሸልመው፣ ኮርቻው ያብረቅርቅ፤
ልጓም ሳታጎርሰው ግን ከበሬ አትራቅ»
ይል ነበር፣ ለገዢ ሁሉ።
የሱ ልጅ ነኝ እኔ፣
ልጓም ቆርጬ የበላሁ።

የከተማው ሰዎች «ደንብ ይውጣለት» አሉ።
ይሁን። ግን ዘንዘልማ ላይ ያልቃል የደንቡ ቃሉ።
ብስክሌቱ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ታስሮ፣
ማርቆስን አልፎ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣
ማንም በማያውቀው ገበያ ይወርዳል፤
ሽቦው ተቆርጦ፣ ባትሪው አብጦ፣ ይሸጣል።

ስለዚህ አንድ ሕግ ነው የምለምነው፣ ከሞያሌ እስከ መተማ፤
ለቅጹ ሦስተኛ ሣጥን፣ ድምፅ ለዝምተኛው ጎማ።
ባትሪው ይፈተሽ፣ ሌሊት ተሰክቶ ቤት እንዳያነድ፤
ሽቦ የሚቆርጥ እጅም ይጠየቅ፤ የኔው ይቅደም፣ አንድ በአንድ።
ብስክሌቱን ግን አታግዱት፤ የደሃ እግር ነው፤
የአበጀ እናት የኩላሊት መድኃኒት የሚገዛው በሱ ነው።

ዛሬ ሽቦ እቀጥላለሁ፣ ያለ ክፍያ፤
ደንበኛው ሸሽቶኛል ወደ ደርሶ፣ ወደ ማዶው ጋራዥ መጠገኛ፤
እሱ በሁለት መቶ ሃምሳ ይቆርጣል። ሕግ የለ፣ ምን ልበለው?

መምህር አንሙት ከሦስት ወር በኋላ ወጣ፤
በአዲስ ዱላ እየቆጠረ እስከ ጠርዙ መጣ።
«ስማቸው፣» አለኝ፣ «ባዶ ነው?»
ግራ አየሁ፣ ቀኝ አየሁ፤ ደግሜ አየሁ፤
«ዝም ብሏል» አልሁት፤
ክንዱን ይዤ ቆምሁ።